የአንገቴ መስመሮች አልገጠሙም

ይህን የምጽፈው እንቅርት ላለባቸው ሴቶች ነው፤ ከእነርሱም ይልቅ እንቅርታቸውን በነጠላ ጠቅልለው ሐኪም ፊት ለሚቀመጡት። እኔ እንደዚያ ሆኜ ሁለት ዓመት ያህል የሌለብኝን በሽታ መድኃኒት ስወስድ ኖሬያለሁ። ሌላዋ ያን ያህል እንዳትቆይ ብዬ ነው። የምኖረው ድሬዳዋ ነው፤ ከተወለድኩበት አገር ሦስትና አራት ቀን በመኪና የሚያስኬድ ነው። እዚህ ልብስ ስፌት ቤት እሠራለሁ። ሙቀቱ አንገት የሚያስጠመጥም ስላልሆነ አብረውኝ የሚሰፉት ሴቶች አንገቴን በየቀኑ ያዩታል፣ ይጠይቁኛልም። ከእነርሱ አንዷ፣ "ሁልጊዜ ለአንድ ለአንድ ሰው ከምትነግሪው ለምን አትጽፊውም?" ብላኝ ነው ብዕር ያነሳሁት። እግዚአብሔር በረዳኝ መጠን እንደሆነው እጽፈዋለሁ። የዘነጋሁትን ፈጥሬ አልሞላም።

ስሜ የሺ ነው። የተወለድኩት ወገራ ነው፤ ከዳባት ከተማ በእግር ግማሽ ቀን ይርቃል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከጉሮሮዬ በስተቀኝ የርግብ እንቁላል የምታህል እብጠት ወጣች። አታመኝም፣ አታሳክከኝም። ምራቄን ስውጥ ብቻ ከፍ ዝቅ ትላለች። እናቴ በጣቷ ዳሰሰቻት። በማግስቱ ነቃሽ አስጠራች።

በእኛ አገር የሴት ልጅ አንገት ይነቀሳል። ለውበት ነው፤ ግን ለውበት ብቻ አይደለም። የንቅሳቱ መስመር እንቅርቱን እንዳያድግ ያግደዋል ተብሎ ይታመን ነበር። ነቃሿ ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ለውሳ፣ ሁለት አክስቶቼ እጄንና እግሬን ይዘውላት፣ ሰባት መስመር ከአንዱ ጆሮዬ ሥር እስከ ሌላው ጆሮዬ ሥር አዞረችብኝ። ለሁለት ሳምንት አንገቴ አብጦ ሾርባ እንኳ አልወርድ አለኝ። ሲሽር አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ጎረቤት ሁሉ አገጬን ቀና እያደረገ "ሸጋ ነው፣ ሸጋ ሆነሻል" ይለኝ ጀመር። እኔም ውኃ ስቀዳ ጎንበስ እያልኩ መልኬን አይ ነበር። ይህን የምናገረው ነቃሿን ልከስስ ብዬ አይደለም፤ እናቴንም አይደለም። የምታውቀውን መድኃኒት ነው የሰጠችኝ።

እብጠቱ ግን መስመሩን አላከበረም። ከኋላው ሆኖ እየገፋ መጣ። በግራ በኩል ሰባቱ መስመሮች እንደነበሩ ተጠጋግተው ቀሩ፤ በቀኝ በኩል እየሳሱና እየተራራቁ ሄደው በመካከላቸው ሁለት ጣት ይገባ ነበር። ነጠላዬን አንገቴ ላይ መጠምጠም የጀመርኩት ያኔ ነው። በክረምትም በበጋም፣ ሥራ ላይም፣ ስተኛም።

በአሥራ አምስት ዓመቴ ዳሩኝ። ሙሽራ ተሸፋፍና ነው የምትሄደው፤ ስለዚህ በሠርጉ ቀን ማንም ምንም አላየም። በሦስተኛው ሳምንት ባሌ እናቱን ሲያናግር ከጓዳ ሰማሁ። "ገበያ ይዣት ብወጣ ሰው ይስቅብኛል" አለ። እናቱም፣ "ሲያድግ አንቆ ይገድላታል፤ በእኛ ቤት ከሚሆን በእናቷ ቤት ይሁን" አሉ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። በበቅሎ አስቀምጠው፣ ስንቅ አሲዘው፣ በደኅና ቀን መለሱኝ።

ሽማግሌዎች አባቴ ቤት ተቀመጡ። የማንም ስም እንዳይጎዳ ተብሎ አንድ ነገር ተስማሙ። በእኛ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት የሚዛመድ አይጋባም። "ዘር ቢቆጠር ዝምድና ተገኘ፤ ጋብቻው ፈረሰ" ተባለ። እንዲህ ሲባል ማንም ማንን አይጠይቅም፤ ሴቲቱም ነውር የለባትም። ለእኔ ተብሎ የተደረገ ደግነት ነበር። ነገር ግን እኔ ጓዳ ሆኜ የሰማሁትን ሰምቻለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በነጠላዬ ሥር ሁለት ነገር እሸፍን ነበር፤ አንዱን ሰው ሁሉ ይጠረጥረዋል፣ ሌላውን ከወላጆቼና ከሽማግሌዎቹ በቀር ማንም አያውቀውም። እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ አያ ታከለ አዘዞ ነበር የሚኖረው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጥበቃ ነው። ዝምድና ተገኘ የተባለውን ወሬ እሱም እንደ ሰው ሁሉ ሰምቶ፣ "ከዚያ ተቀምጣ ከምትተክዝ እኔ ዘንድ ትምጣ" ብሎ ወሰደኝ። ሚስቱ እታገኝ አራት ልጆች አሏት፤ ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። እንዲህም ሆኖ ቦታ አላጣሁም።

አዘዞ ከገባሁ በሦስተኛው ዓመት ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። በመጀመሪያ ዳገት ስወጣ፣ ቀጥሎ ሜዳ ላይ ስሄድ፣ በኋላ ተቀምጬ ሳለሁ። በጀርባዬ መተኛት አልቻልኩም። ጉሮሮዬ ያፏጫል። የወንድሜ ትንሿ ልጅ "አክስቴ ዋሽንት ትነፋለች" እያለች ለጎረቤት ልጆች ትነግራቸው ነበር። ቀን ቀን ከእርሷ ጋር እስቃለሁ። ሲመሽና ሁሉም ሲተኛ ግን ግድግዳ ተደግፌ ተቀምጬ፣ የሚቀጥለው ትንፋሽ ይመጣ ይሆን እያልኩ እጠብቃለሁ። "በሰላም ያዋልከኝ በሰላም አሳድረኝ" የሚለውን ጸሎት ያለ ሐሳብ እለው የነበርኩ ሴት ያኔ ነው እያንዳንዱን ቃል ያወቅኩት።

አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ድሬሰሩ፣ የጤና ረዳቱ ማለቴ ነው፣ ማዳመጫውን በልብሴ ላይ ደረቴ ላይ አድርጎ ሰማና፣ "ነጠላሽን ፈታ አድርጊው እስቲ" አለኝ።

"ብርድ ይዞኛል" አልኩት።

በረንዳው ላይ የሚጠብቀው ሰው እስከ አጥሩ ይደርሳል። ድሬሰሩም አልተከራከረኝም። "አስም ነው" ብሎ ክኒን ጻፈልኝ። ዓመት ከመንፈቅ የአስም ክኒን ዋጥኩ። ልቤ ይመታል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ፉጨቱ ግን እንዳለ ነው። ከዚያ ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፤ እዚያም ነጠላዬን አልፈታሁም። ክብደቴ ቀንሶ ስላዩኝ የሳምባ ነቀርሳ ጠረጠሩ። አክታዬ ሦስት ጊዜ ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም፤ ሆኖም ለጥንቃቄ ተብሎ በየቀኑ መርፌ እንድወጋ ታዘዘ።

ነቀርሳ የሚለው ቃል ቤት ሲገባ ብዙ ነገር ተለወጠ። እታገኝ የምጠጣበትን ኩባያ ለየችው። ትንሿን ልጅ ከአጠገቤ እንዳትቀመጥ ከለከለቻት። አልቀየምኳትም፤ እኔም ብሆን እንደዚያ አደርግ ነበር። ልጅቷ ግን በሩ ላይ ቆማ "አክስቴ ዋሽንቱን ጣይውና ልምጣ" ትለኝ ነበር። ያ ከመርፌው ይልቅ ያማል።

ስህተቱ የሐኪሞቹ ብቻ አልነበረም ብዬ በግልጽ እጽፋለሁ። በሽታዬ ያለው አንገቴ ላይ ነው፤ እኔ የማሳየው ደረቴን ነበር።

መርፌውን ስጨርስ ጠበል ገባሁ። በየጧቱ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሰልፍ አለ። ሦስተኛ ሱባዔዬ ላይ የሚያጠምቁት አባት፣ የነፍስ አባቴም ናቸው፣ መስቀላቸውን ዝቅ አድርገው አስቆሙኝ።

"የሺ፣ ይህን ነጠላ ስንት ቀን ነው የማጠምቀው?"

"አባ?"

"ይኸው ሃያ ቀን ሙሉ ነጠላ አጠምቃለሁ። አንገትሽን አንድ ቀን አላገኘሁትም። ከሰው ትሸሽጊያለሽ፣ ይሁን። የሠራሽንም ትሸሽጊዋለሽ?"

ቀስ ብዬ ፈታሁት። ጠበሉ አንገቴን ሲነካው የተሰማኝ ቅዝቃዜ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል፤ ስንት ዓመት ሙሉ በቀን ብርሃን አየር አልነካውም ነበርና። አባ ጠጋ ብለው አዩት። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ "ጠበሉን አትተዪ። ነገ ግን ጎንደር ሆስፒታል ሂጂ። ሐኪም ዘንድ ስትሄጂ ከእግዚአብሔር የወጣሽ እንዳይመስልሽ፤ እዚያም ያለው እርሱ ነው። ይህ ነጠላ ግን እዚህ ይቅር።" ነጠላውን እዚያ አልተውኩትም። መሄዱን ግን ሄድኩ።

የሆስፒታሉ ተመላላሽ ክፍል ረጅም አግዳሚ ወንበሮች አሉት። ካርድ ለማውጣት ሳይነጋ መድረስ ያስፈልጋል፤ ሰዓት እላፊ ስላለ ደግሞ ሳይነጋ መውጣት አይቻልም። የሩቅ ሰዎች በዋዜማው መጥተው ከአጥሩ ውጭ ያድራሉ። በሦስተኛው ቀን ሐኪም ፊት ደረስኩ። ወጣት ነው። እንደገባሁ ሳይጠይቀኝ ነጠላዬን ፈታሁት፤ እጄ ግን ጫፉን አልለቀቀም።

"ይህን ይዘሽ ነው አስም ነው ያሉሽ?" አለኝ።

"አላሳየኋቸውም።"

ብዕሩን አስቀመጠ። ራጅ እንድነሳ ልኮኝ ስመለስ በፎቶው ላይ እያሳየ አስረዳኝ። ከጉሮሮ ፊት ለፊት ታይሮይድ የሚባል ዕጢ አለ፤ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ ይመስላል። ለሥራው አዮዲን የሚባል ንጥረ ነገር ይፈልጋል። የደጋችን አፈር በዝናብ ታጥቦ አዮዲን አልቆበታል፣ የምንበላው ጨውም የለውም፤ ስለዚህ ዕጢው ያለውን ለመሰብሰብ ሲታገል ያብጣል። "የአንቺ ወደ ውጭ ብቻ ሳይሆን ወደ ውስጥም አድጓል። የአየር ቧንቧሽን ወደ ግራ ገፍቶ ተጭኖታል። ክኒን አያወርደውም፤ መውጣት አለበት።" የድምፅ ነርቭ በአጠገቡ ስለሚያልፍ ድምፄ ሊጎረንን እንደሚችልም አልደበቀኝም። "ባይወጣስ?" አልኩት። "ፉጨቱ የሚቆምበት ቀን ይመጣል" አለኝ። ገባኝ።

ነጻ ለመታከም ከቀበሌ ወረቀት ያስፈልጋል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጠረጴዛው ላይ ተደግፏል፤ ከኋላዬ ስኳር ፈላጊ እስከ በሩ ተሰልፏል።

"ጓዲት የሺ፣ ሕመምሽ ምንድን ነው ተብሎ ይጻፍ?"

"የጉሮሮ ነው።"

"የጉሮሮ ምን? ለጉንፋን ነጻ ወረቀት አልጽፍም።"

"እንቅርት ነው" አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ያ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር።

"ታዲያ ይህን ለማለት ምን ያሳፍራል? እናቴም አላት" አለና ማኅተሙን መታ። ዞር ስል ሰው ሁሉ የሚያየኝ መስሎኝ ነበር። ከኋላዬ የነበረችው ሴት የጠየቀችኝ ስኳሩ መጥቶ እንደሆነ ብቻ ነው።

ትልቁ ክርክር ቤት ውስጥ ነበር። አያ ታከለ ቀዶ ጥገና ሲባል ሰምቶ እህል አልበላም አለ።

"አንገቱ ተቆርጦ የተረፈ ሰው የት አይተሽ ነው?"

"አይቆረጥም፣ አያ ታከለ። ይከፈታል ነው ያሉኝ።"

"ልዩነቱን ንገሪኝ። እናቴ ልጄን የት አደረስሃት ስትለኝ ከፈቷት ልበላት?"

እታገኝ ምድጃው አጠገብ ሆና፣ "ታንቃ ስትሞትስ ምን ልትላት ነው? ተዘጋችብኝ ልትላት ነው?" አለችው። ኩባያዬን የለየችው እታገኝ ናት ይህን ያለችው።

ለፈቃዱ የቤተሰብ ፊርማ ይፈልጋሉ ብለን ነበር። አያ ታከለ ሁለት ሳምንት ሙሉ "ነገ" እያለ ቆየ። በመጨረሻ ብቻዬን ሆስፒታል ሄድኩና ጸሐፊውን ጠየቅኩት። "ዕድሜሽ ሞልቷል፣ ራስሽ ትፈቅጃለሽ" ብሎ የአሻራ ቀለሙን ወደ እኔ ገፋልኝ። ያኔ የቀበሌያችን መሠረተ ትምህርት ተማሪ ነበርኩ፤ በትንፋሽ ማጠር ምክንያት ድምፅ አሰምቼ ማንበብ ባልችልም መጻፉን ደርሼበታለሁ። ቀለሙን መልሼ ገፋሁለትና "እጽፋለሁ" አልኩት። ስሜንና የአባቴን ስም ጻፍኩ። የመጀመሪያዋ ፊደል እግሯ ረዝሞ ከመስመሩ ወጣ። ጸሐፊው ወረቀቱን ዞር አድርጎ አየና "ይነበባል" አለ። በሕይወቴ ስለ ራሴ የወሰንኩት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ሰባት መስመር ሲነቀስብኝ አልተጠየቅኩም፤ ስዳርም ስመለስም አልተጠየቅኩም። አንገቴ እንዲከፈት ግን የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ። እስከ ዛሬ እኮራበታለሁ።

ቀጠሮው ሦስት ጊዜ ተላለፈ። ከግንባር ቁስለኛ ሲመጣ አልጋው ሁሉ ይያዛል፤ እኛ ወደ ቤት እንመለሳለን። አንዱን ቀን አልጋ ላይ ወጥቼ ተኝቼ ሳለሁ ነው የተነሳሁት። ክፉ አልተሰማኝም። አልጋዬን የወሰደው ልጅ እግር አልነበረውም።

በአራተኛው ተሳካ። በጎኔ ያሉት እትዬ ብርቄ የተባሉ የጭልጋ ሴት ነበሩ፤ እግራቸው ተሰብሮ ሁለት ወር ተኝተዋል። ጧት ሊወስዱኝ ሲመጡ፣ "በይ ሂጂ። ብትመለሽ አብረን ምሳ እንበላለን፤ ባትመለሽ ምሳሽን እኔ እበላልሻለሁ። በሁለቱም ምግቡ አይባክንም" አሉኝ። እየሳቅሁ ገባሁ። እመቤቴን ስጠራ አፌ ላይ ጭንብሉ መጣ።

ስነቃ በጀርባዬ ተኝቻለሁ። ምን እንደጎደለ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ፉጨቱ የለም። አየሩ ሳይለምኑት ይገባል፣ ሳይገፉት ይወጣል። እንባዬ በጆሮዬ ገባ። እትዬ ብርቄ፣ "አመመሽ?" አሉኝ። ድምፅ አልነበረኝምና በጣቴ አይደለም አልኳቸው።

በስምንተኛው ቀን ፋሻው ሲፈታ ሲስተሯ ትንሽ መስታወት ሰጠችኝ። ያ ሁሉ እብጠት የለም፤ አንገቴ ቀጭን ሆኗል። ግን ሐኪሙ የተረፈውን ቆዳ ቆርጦ ሲሰፋው መስመሮቹ ሳይገጥሙ ቀርተዋል። ጠባሳው በሰያፍ ያልፍባቸዋል፤ የግራው ሦስተኛ መስመር ከቀኙ አራተኛ ጋር፣ አራተኛው ከአምስተኛው ጋር ተጋጥሟል፤ የመጨረሻው አጣማጅ አጥቶ እንዲሁ ቆሟል። ሐኪሙ መስመሩን ሳይ አየኝና፣ "ትንፋሽሽን እንጂ መስመሩን አላሰብኩትም፤ ይቅርታ" አለኝ። ይቅርታ የሚባልበት ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን አለቀስኩ። እትዬ ብርቄ አንገታቸውን አስግገው አዩና፣ "በሬው መሐል ላይ ደንግጦ የዘለለበት እርሻ ይመስላል። ምን አለበት፣ እህል እንደሆነ ይበቅልበታል" አሉ። ሲስተሯም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ለመጻፍ የከበደኝ። ድኜ ቤቴ ገባሁ። ሁለት ወር ጎርንኖ የቆየው ድምፄም ተመለሰ። ኩባያዬ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቀለ፣ ትንሿም ልጅ ጭኔ ላይ ተቀመጠች። እኔ ግን ነጠላዬን አልፈታሁም። እብጠት የለም፤ ነጠላው ግን አለ። ቀድሞ የምሸፍነው እንቅርት ነው እል ነበር፤ አሁን የተጣመመ መስመር ነው አልኩ። እታገኝ ይህን ስታይ ከርማ አንድ ቀን ከጠዳ ገበያ ነቃሽ ይዛ መጣች፤ እትዬ ዘውዴ ይባላሉ። በደግነት ነው ያደረገችው። "መስመሩን ይገጥሙልሽና እፎይ ትያለሽ" አለችኝ። እኔም እሺ አልኩ።

እትዬ ዘውዴ አንገቴን ወደ ብርሃን አዙረው በጣታቸው ለኩ። "የግራውን ሦስተኛ ከፍ አደርገዋለሁ፣ የቀኙን ዝቅ። ጠባሳው ላይ አንድ ወፍራም አሳልፍበታለሁ። ዓይነ ስል ሰው እንኳ አያገኘውም" አሉ። ጥላሸቱን ለወሱ፣ መርፌዎቹን አሰሩ። "ጠባሳ ላይ ሲሆን ያቃጥላል። እታገኝ፣ እጇን ያዥልኝ።"

እታገኝ ሁለቱን እጆቼን ያዘች። አላጠበቀችም። ግን ያዘች።

"ቆዩ" አልኩ። "እትዬ ዘውዴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። መስመሩ ከገጠመ በኋላ ነጠላዬን እፈታለሁ?"

"እሱን እኔ ምን አውቅልሻለሁ፣ ልጄ? እኔ የምሠራው ቆዳ ነው።"

ወደ እታገኝ ዞርኩ። ከዚያ፣ "እታገኝ፣ ዝምድና አልተገኘም" አልኩ።

"የምን ዝምድና?"

"ከባሌ ጋር። ዘር የቆጠረ ሰው የለም። አንገቴን አይተው ነው የመለሱኝ። ሰው ይስቅብኛል ብሎ።"

አያ ታከለ ደጃፉ ላይ የአልጋ ጠፍር ይጠግን ነበር። ጠፍሩን እንደያዘ ገባና በሩ ላይ ቆመ። "አውቃለሁ" አለ።

ጠፍሩን መሬት ላይ ጣለ።

"ወሬው የደረሰኝ ቀን ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። በአባታችን በኩል ሰባት ቤት፣ በእናታችን በኩል ሰባት ቤት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከእነዚያ ሰዎች ጋር የምንገናኝበት አንድ አያት አጣሁ።"

"ምነው ታዲያ ሳትነግረኝ?"

"አንቺ የምታውቂ አልመሰለኝማ። እንዳትሰሚ ስጠብቅሽ ነው የኖርኩት።"

እኔ ከእርሱ፣ እርሱ ከእኔ፣ አንድ ቤት ውስጥ ስንት ዓመት ሙሉ ያንኑ አንድ ነገር ስንሸሽግ ኖረናል። ሳቄ መጣ። እርሱ ግን አልሳቀም፤ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ። እታገኝ እጆቼን ለቅቃ ዓይኗን በመቀነቷ ጠረገች።

"እኔስ?" አሉ እትዬ ዘውዴ። "ልንቀስ ወይስ ልሂድ?"

"ይቅር፣ እትዬ ዘውዴ። እንዳለ ይሁን።"

"መርፌ ከታሰረ በኋላ የተነሳብኝ ሰው ዛሬ ገና አየሁ" እያሉ ጠቀለሉ። ቅር አላላቸውም። ምሳ በልተው ነው የሄዱት።

ለምን እንደተውኩት ይጠይቁኛል። መስመሩ ቢገጥም ያምር ነበር፤ የተነቀሰ አንገት እወዳለሁ። ነገር ግን የተጣመመው የኔ ሕይወት የሄደበት መንገድ ነው፤ እናቴ ልትረዳኝ የሞከረችበት፣ ሐኪሙም ትንፋሼን የመለሰበት። አጥፍቼው ማንን ልመስል ነው? ቤተ ክርስቲያን ስገባ ዛሬም እከናነባለሁ፤ ያ ለእግዚአብሔር ቤት ክብር ነው። ገበያ ስወጣ እጠመጥመው የነበረው ግን ለሰው ዓይን የምገብረው ግብር ነበር። ሁለቱን አንድ ነገር አድርጌ፣ ጨዋነት ነው እያልኩ ስንት ዘመን ኖሬያለሁ።

እህቴ ሆይ፣ አንገትሽ ላይ እብጠት ካየሽ ሳያድግ ሂጂ። ትንሽ ሳለ በመድኃኒት የሚረዳ አለ። ስትተኚ ካፏጨሽ፣ ምግብ ሲወርድ ከያዘሽ፣ ድምፅሽ ከተለወጠ ቀን አትቁጠሪ። ሐኪሙ ፊት ስትቀመጪ ሳይጠይቅሽ ነጠላሽን ፍቺለት። መልክሽን ሊያይ አይደለም የተቀመጠው። አብሮሽ የሚኖር ሰው ካለም፣ ስለ አንቺ የተባለውን እውነቱን ንገሪው፤ ምናልባት እርሱም ሲጠብቅሽ ይሆናል። ጥሎሽ ያልሄደ ሰው ሰምቶ አይሄድም።

እትዬ ዘውዴ በሄዱ በማግስቱ ገበያ ነበር። ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ አንገቴን ሳልሸፍን፣ ከአያ ታከለ ጋር ወጣሁ። ጥበቃ ሥራ ላይ እንዳለ ሰው ግራ ቀኙን እያየ በጎኔ ይሄድ ነበር። የገበያው ሰው ዓይን ይሰማኛል፤ እጄ ሁለት ጊዜ ወደ ነጠላው ሄዶ ተመለሰ። ጤፍ የምንገዛቸው አያ ደሴ እየሰፈሩ ሳለ ቀና አሉ።

"ታከለ፣ ይቺ እህትህ አንገቷ ምነው እንዲህ ሆነ?"

ወንድሜ አፉን ከፈተ። የሚለውን አውቀዋለሁ፤ "ታማ ነበር" ብሎ ሊዘጋው ነው። ከዚያ አየኝ። "አፍ አላት፣ አያ ደሴ። እሷን ይጠይቋት" አለ።

"እንቅርት ነበረብኝ" አልኩ። "ከልጅነቴ። በእሱ ምክንያት ከባሌ ቤት መለሱኝ። ኋላ ጎንደር ሆስፒታል አወጡልኝ፤ ሲሰፉት መስመሩ ሳይገጥም ቀረ።"

አያ ደሴ ቁናውን እንደያዙ ቀኙንም ግራውንም ጊዜ ወስደው አዩት። "ትንፋሹስ?"

"ትንፋሹ ደህና ነው።"

"እንግዲያው ምን ቀረሽ" ብለው መስፈራቸውን ቀጠሉ።

ከኋላዬ ልብሴን የሳበኝ ሰው ነበር። ዞር ስል የገጠር ሴት ናት፤ በዚያ ፀሐይ ነጠላዋን እስከ አገጯ ጠምጥማለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "የትኛው ሐኪም ነው ያልሽው?" አለችኝ። ስትናገር ጉሮሮዋ ያፏጫል።

ጤፉን ለአያ ታከለ ትቼ፣ እጇን ይዤ ከሰው መካከል ወደ ዳር ወሰድኳት።